ውሻ ምን አገባው ከአበባ?

ክረምቱ ሲያባራ በዋግ ኽምራ ያለው የጋዝጊብላ ደጋ ልብሱን ይቀይራል። ገብሱ ገና ሳይሸት አደይ በየካቡ ሥርና በየማሳው ድንበር ፈንድቶ ይታያል። ቤተ ክርስቲያንም ወቅቱን ዘመነ ጽጌ ትለዋለች፤ መስከረም 26 ይገባል፣ ኅዳር 5 ይወጣል። በአስከተማና በዙሪያዋ መንደሮች ጓሮ ያላት እማወራ ከደጃፏ ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳው ጎን ጤና አዳምና በሶብላ፣ ከወዲያ ደግሞ ለጠላ የሚሆን ጥቂት የጌሾ እግር አላት። ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩ ጠፍፏል፣ ተኮትኩቶ ላልቷል፣ ችግኙም ሥር መስደድ ጀምሯል። ልክ ይሄኔ ውሮ ትመጣለች።

ስለ አፈር የውሮን ያህል የሚጠነቀቅ ገበሬ ብዙ አይገኝም። መደቡን ከዳር እስከ ዳር ታሸታለች፤ ረጠብ ያለውን ትንቃለች፤ ድንጋይ የበዛበትን ታልፋለች። በመጨረሻ ጠዋት በእጅ ተፈርፍሮ ዘር የተጣለበት፣ እንደ ዱቄት የላመው ቦታ ላይ ትቆማለች። በፊት እግሯ ትጭራለች፣ ዞራ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ ተራራው አድርጋ በትልቅ ቁም ነገር ጉዳይዋን ትፈጽማለች፤ ከዚያ አፈር አልብሳ፣ አሽትታ፣ ደግማ አልብሳ ትሄዳለች። የቀበረችው የራሷን ብቻ ቢሆን ማንም ባልተቀየማት ነበር። አብሮ የተቀበረው ግን ገና ሁለት ቅጠል ያወጣው ችግኝ ነው።

«እታለም፣ ያቺ ድመትሽ ትናንትም ከአበባዬ ውስጥ ነበረች።»

«ኧረ የኔዋ ከምድጃ ሥር አልተነሳችም! የማዶዎቹ ትሆናለች።»

ማዶ ተሻግሮ የጠየቀ ሰውም ይህንኑ መልስ ያገኛል። አበባ ያበላሸች ድመት ባለቤቷ ሁልጊዜ ከወንዝ ወዲያ ነው።

የውሻው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የአገራችን ተረት «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» ይላል። ይህን የተናገረው ሰው እርሻ እንጂ የአበባ መደብ አልነበረውም ማለት ነው፤ ውሻን ከአበባ ጋር የሚያገባው ነገር ሞልቷል። አንደኛው ሙቀት ነው። ውሻ ከእግሩ መዳፍ በቀር እንደ ሰው ላብ ስለማያወጣ የቀትሩን ፀሐይ የሚያመልጠው በማለክለክና ቀዝቀዝ ያለ አፈር ፈልጎ በመተኛት ነው፤ በደረቁ ወራት በግቢው ውስጥ ውኃ የጠጣ አፈር ያለው ደግሞ አበባው ሥር ብቻ ነው። ሁለተኛው መንገድ ነው። ውሻ አጥሩን ተከትሎ በየቀኑ አንድ መስመር ይረግጣል፤ በዚያ መስመር ላይ ጽጌረዳ የተከለ ሰው የተከለው በመንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ሽንት ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛው አጥንት ነው። ይህ የሚተዳደረው በባሕረ ሐሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፋሲካ፣ በገናና በእንቁጣጣሽ ሥጋው ሲበዛ ውሻ ከጠገበ በኋላ የተረፈውን አጥንት ይቀብራል፤ ለመቅበር የሚመርጠውም እንደ ውሮ ሁሉ የላላውን አፈር ነው። ከዚያ ጾም ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ከጋዝጊብላ ቤቶች አጥንት አይጣልም። ባለቤቶቹ ሹሮ ሲበሉ ውሻው የቀበረውን ያስታውሳል። ስለዚህ የአበባ መደብ ሁለት ጊዜ ይቆፈራል፣ ሲቀበር አንድ ጊዜ፣ በጾም ሲወጣ ሌላ ጊዜ።

ጾም የአራዊትን ገበታ እንደሚቀይር በጥናትም ታይቷል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በአውሮፓ አቆጣጠር 2012 ባሳተሙት ሥራ በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብን ዓይነ ምድር ሰብስበው ፀጉሩን መርምረዋል። ከዐቢይ ጾም በፊትና በጾሙ ወቅት ያለውን ሲያስተያዩ የአህያ ፀጉር ድርሻ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ አግኝተውታል፤ ምክንያቱም ከቄራና ከየቤቱ የሚጣለው አጥንትና አንጀት ሲቋረጥ ጅብ ወደ አህያ ይዞራል። ጅቡ አህያ ከበላ፣ ውሻው ጽጌረዳ ቢቆፍር ምን ያስገርማል?

ጅብ ከተነሳ ዘንድ፣ ውሻን ከግቢ ማባረር ለምን እንደማይታሰብ መናገር ይገባል። በደጋው ውሻ ቀን ቢታሰር እንኳ ሌሊት ይለቀቃል። ሌሊቱን በጎቹ የተኙበትን በረት ሲዞር ያድራል፤ ጅብ ሲያሽካካ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይንደረደራል፤ ሲንደረደር ደግሞ መደብ ከመንገድ አይለይም። ጠዋት ላይ የተሰባበረውን ጽጌረዳ አይታ የምትናደደው እማወራ በጎቹን ስትቆጥር ሙሉ ሆነው ታገኛቸዋለች። ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ጽጌረዳውን የሚያስበልጥ የጋዝጊብላ ሰው አይገኝም። የውሻው ስምም ቢሆን ሥራ ይሠራል። በአማራ ገጠር ለውሻ ስም ሲወጣ አንዳንድ ጊዜ ለክፉ ጎረቤት መልእክት ማስተላለፊያ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ባለቤቱ ውሻውን የሚጣራ መስሎ የልቡን ይናገራል። ዋግ ላይ ውሻው ኽምጣኛም አማርኛም ይሰማል። ከአበባው ውስጥ ውጣ ሲባል ግን በሁለቱም አይታዘዝም።

ውሮም ባለሥራ ናት። በቆጵሮስ ደሴት አንዲት ድመት ከሰው ጎን ተቀብራ መገኘቷ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ይፋ ሲሆን የመቃብሩ ዕድሜ 9,500 ዓመት ገደማ እንደሆነ ተነግሯል። የድመትና የሰው ውል ያን ያህል የቆየ ነው፤ ውሉም ግልጽ ነው። ሰው እህል ያከማቻል፣ እህሉ አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ድመት ይጠራል። ገብስ ያለበት ጎታ ባለበት ቤት ድመት ጌጥ አይደለችም። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረትም ለአበባ ተካዩ ይጠቅመዋል። ዓመሏን አትተውም ከተባለ፣ የሚቀየረው አፈሩ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ያልሞከረው ነገር የለም። መጀመሪያ ድንጋይ ይወረወራል። ድንጋይ ድመትን ያሸሻል፤ እሷ ግን የምትማረው «እዚህ አትምጪ» የሚለውን ሳይሆን «እማወራዋ ስትኖር አትምጪ» የሚለውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌሊት ትመጣለች።

ቀጥሎ በርበሬ ይነሰነሳል። በርበሬ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ውሻና ድመትም እንደ እኛው ይቃጠላሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ዓይናቸው ይለበለባል። ነገር ግን አንድ ዝናብ ወይም አንድ ጣሳ ውኃ ጠርጎት ይሄዳል፤ በርበሬ ደግሞ ዋጋው ለአበባ የሚበተን አይደለም። ከሁሉም የሚያስቀው በዚህ ግቢ ውስጥ ያለችው ሌላዋ ወንጀለኛ ዶሮ መሆኗ ነው። ወፎች ካፕሳይሲንን አይሰሙትም። ዱር ላይ የበርበሬን ዘር የሚበትኑትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ በርበሬ የተነሰነሰበት መደብ ላይ ውሻው ሲያስነጥስ ዶሮዋ ቀዩን ፍሬ ትለቅማለች፣ ጠግባ ስታበቃም በአፈሩ ትታጠባለች። ለሷ የሚሠራው ያው የጥንቱ «እሽ!» ነው፤ እሱም የሚሠራው የሚናገረው ሰው እስካለ ነው።

ሽታ የሚያምኑም አሉ። በአውሮፓ አትክልተኞች ዘንድ ድመት ታባርራለች ተብላ የምትተከል አንዲት ቅጠል አለች፤ ጤና አዳም ናት። በጋዝጊብላ ይህችው ቅጠል ቡና ውስጥ ትገባለች። ከጤና አዳሙ ሥር ተጋድማ ፀሐይ የምትሞቅ ውሮን ያየ ሰው የአውሮፓን ምክር ብዙም አያምንም፤ ሳይንሱም ቢሆን ለዚህ እምነት ጠንካራ ማስረጃ የለውም። የቡና አተላ የሚበትኑም አሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የተፈላ አተላ ምን ሽታ ሊተርፈው እንደሚችል ራሱ አጠያያቂ ነው፤ አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፣ የቡና ካፌይን ለውሻ መርዝ ስለሆነ አተላው ውሻ በሚልስበት ቦታ ባይጣል ይሻላል። ልብስ ውስጥ የሚቀመጠው ናፍታሊንም እንዲሁ ነው፤ ድመትንም ውሻንም ይመርዛል፣ አፈርንም ያበላሻል።

ጃፓኖች ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልተው በአጥር ዙሪያ ይደረድራሉ። ብልጭታው ድመት ያስፈራል ተብሎ ነው። ድመቶቹ ከለመዱት በኋላ ጠርሙሱን እየታከኩ ያልፋሉ፤ ይባስ ብሎ ጠርሙሱ የፀሐይን ብርሃን እንደ ማጉያ መነጽር ሰብስቦ እሳት እንዳያስነሳ ሰዎች እስከመጠንቀቅ ደርሰዋል። ዋግ ላይ ያለውን የጥር ፀሐይና የደረቀ ሣር የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር በሩቁ ቢተወው አይፈረድበትም። በእንግሊዝ አገር የአንበሳ ዓይነ ምድር ሽታ ያለበት ፍሬ ታሽጎ ለአትክልተኛ ይሸጥ ነበር። እዚያው አገር የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ ድመትን ግን የሚረብሽ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያም አለ፤ እኛ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ አንሰማም፣ ድመት ግን ከ60 ሺህ በላይ ትሰማለች። የአገሪቱ የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባወጡት ጥናት ከሁለቱ ሙከራዎች በአንዱ መሣሪያው የድመቶችን መግባት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶታል። ሁለት ሦስተኛዎቹ ድመቶች እየተረበሹም ቢሆን ገብተዋል ማለት ነው። ለዚህ መሣሪያ ባትሪ ከመግዛት ያንኑ ገንዘብ ለሽቦ ማዋል ሳይሻል አይቀርም።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። ውሮ የምትፈልገው ደረቅ፣ ልል፣ ለመቀመጫ የሚበቃ ባዶ ቦታ ነው። ከሦስቱ አንዱን ያጣች ድመት ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። መደቡን ሁልጊዜ እርጥብ አድርጉ የሚለው የመጽሐፍ ምክር ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት አገር ቀልድ ይመስላል፤ ቢሆንም የእጅና የእህል እጣቢ ሳሙና እስካልበዛበት ድረስ ማታ ማታ እዚያው ቢደፋ ግማሽ ሥራ ይሠራል። ባዶ ቦታውን ማጥፋት ግን ምንም ወጪ የለውም። የክትክታ ጭራሮ ስንዝር ስንዝር ተቆርጦ በችግኞቹ መካከል ቀጥ ብሎ ይሰካል፤ በጭራሮዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ስንዝር ካልበለጠ ውሮ መዞሪያ ታጣለች። ዘር በተጣለበት መደብ ላይ የግራር ወይም የቀጋ ቅርንጫፍ ጋደም ይደረጋል፤ ቡቃያው በእሾኹ መካከል ሽቅብ ይወጣል፣ ድመቷ ግን ቁልቁል አትገባም። ጠፍጣፋ ድንጋይ በጽጌረዳው እግር ዙሪያ ቢነጠፍ ደግሞ አፈሩን ከመጫር ይከላከላል፣ እርጥበቱንም ያቆያል። ድንጋይ በጋዝጊብላ ተፈልጎ የሚታጣ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ለውሮ የራሷ የሆነ ቦታ ቢሰጣት ነገሩ ያልቃል። ከግቢው ራቅ ብሎ፣ ዝናብ በማይመታው ጥግ፣ አንድ ሁለት አካፋ አሸዋ መደልደል ነው። አሸዋ ካየች አበባ አታይም። ለድመት መጸዳጃ ቤት ሠራሁ ብሎ ለጎረቤት መናገር ትንሽ የሚከብድ ሊሆን ይችላል፤ አለመናገር ነው።

ለውሻም እንደዚሁ ነው። አጥሩን ተከትሎ የሚሄድበት መስመር ካለ አበባው ከአጥሩ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ይተከላል፤ መንገዱ የተከበረለት ውሻ መንገድ አይስትም። የቀትር መኝታውን ከጣሪያው ጥላ ሥር አፈሩን ውኃ ረጭቶ ማዘጋጀት ችግኝ ደግሞ ከመትከል ይቀላል። አጥንቱ ሲሰጠው ታስሮ እያለ ቢሆን እዚያው ይቆረጥመዋል። ሽንቱን በተመለከተ፣ ቅጠሉን የሚያቃጥለው በውስጡ የተከማቸው ናይትሮጅን ነው፤ ያው ናይትሮጅን በልኩ ሲሆን ማዳበሪያ ነው፣ ሲበዛ እሳት ነው። ወንዱ እግሩን አንስቶ ግንዱን ያርሳል፣ ሴቷ ተቀምጣ አንድ ቦታ ላይ ታፈሰዋለች። ወዲያው ውኃ ከተደፋበት ይቀጥናል፣ ጉዳት አያደርስም። ወንዱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያነሳ ደግሞ ከመደቡ ራቅ ብሎ አንድ ጉቶ ወይም ቋሚ ድንጋይ ቢተከልለት ደስ ብሎት ይቀበላል።

አጥር ግን የሁሉም ራስ ነው። በደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው የቤተ ክርስቲያን ደኖችን በካብ የማጠር ሥራ ሠርተዋል። ካቡ የተካበው ገበሬዎች ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ነው፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ከብቱ ከደኑ ወጣ፣ ይረገጥና ይጋጥ የነበረው ቡቃያም ቀና አለ። ለትልቅ ደን የሠራ ለትንሽ መደብም ይሠራል፤ የዋግ ሰውም ከድንጋይ ቤት መሥራት የሚያውቅ ሰው ነው፣ ካብ የሚያስተምረው አይፈልግም። ከካቡ ላይ ግራር ቢጫንበት ውሻ አይዘለውም። ካብ ሳይሆን ቁልቋል ወይም ቅንጭብ ለሚተክል ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ለጊዜውም ማየት ሊከለክል ይችላል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ቅርንጫፉን መቁረጥ የአዋቂ ሥራ ነው።

ለድመት ካብ አጥር አይደለም፤ አውራ ጎዳና ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የምትዘል እንስሳን ከላይ ማገድ ስለማይቻል ነው ጭራሮውና አሸዋው ያስፈለገው።

እውነቱን ለመናገር ካቡ የሚካበው ለውሻም አይደለም። ለፍየል ነው። ዋግ ኽምራ በተለይ ቆላው የፍየል አገር ነው፤ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ከሚያጠናቸው እንስሳት አንዱ የአበርገሌ ፍየል ነው። ፍየል ደጋም ትወጣለች። ውሻ አበባውን ይረግጣል፣ ውሮ ትቀብረዋለች፤ ፍየል ግን ትበላዋለች፣ አበባውን፣ ቅጠሉን፣ እሾኹን፣ ቀጥሎም በሁለት እግሯ ቆማ ደርቆ የተሰቀለውን ነጠላ። ለአንዲት ፍየል አምስት ደቂቃ የተከፈተ በር ከውሮ የአንድ ዓመት ሥራ ይበልጣል። ይሁን እንጂ እርግማኑን የሚቀበለው ውሻው ነው፤ ፍየል ዋጋ ስለምታወጣ ማንም ደፍሮ አይሰድባትም።

ነገሩ ወደ ክስ የሄደ እንደሆነስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ከእጁ አምልጦ እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ሕጉ አንድ መውጫም አበጅቷል፤ ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት የቤት እንስሳውን ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። እንግዲህ አበባዋ የተበላሸባት ሴት ተከራክራ ብትረታ በካሣ መልክ ልትቀበል የምትችለው ያችኑ ድመት ነው። ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ጉዳይ በቡና የሚጨርሱት በምክንያት ነው።

ከአበባ ቦታ የማይባረር ውሻ በአገራችን አንድ ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ። ትንሽዬ ቺዋዋ ነበር፣ በንጉሠ ነገሥቱ እግር ሥር ሲሄድ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ይታያል፤ መቃብሩም በአዲስ አበባ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። የጋዝጊብላ ውሻ እንዲህ ያለ ማዕረግ አይጠብቅም። ከጅብ ጋር የሚታገል ስለሆነ ምናልባት ከሉሉ ይልቅ የሚገባው እሱ ነበር።

አበባ የድሎት ነገር የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የዋግ ማር የሚቆረጠው አደይና ሌላው የመስከረም አበባ ካበቃ በኋላ ነው፤ ከጓሮ አበባ የሚቀስም ንብ ከቀፎ ርቆ አይደክምም። የተቆጣ ንብ ታስሮ መሸሽ የማይችልን እንስሳ ስለሚገድል ውሻን ከቀፎ አጠገብ ማሰር ግን አይገባም። የጓሮ አትክልት ደግሞ ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ስሟ ይነሳ ከነበረው ሰቆጣ ጋር ተያይዟል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው፤ ከሥራዎቹ አንዱ ቤተሰብ ከጓሮው ጎመንና ካሮት እንዲበላ ማድረግ ነው። እንግዲህ ከጽጌረዳው ቀጥሎ ጎመን ካለ፣ የውሮ ጉዳይ ከአበባ አልፎ ወደ ድስት ገባ ማለት ነው። የድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሐዋሲ ሊይዝ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ጽንሷን የሚጎዳ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች መደቡን ባትኮተኩት፣ ካስፈለገም በጓንት ብትሠራ፣ ጎመኑም ከድስት በፊት በደንብ ቢታጠብ ይበቃል። ድመቷን መጣል አያስፈልግም።

መርዝ የሚያስቡም አይጠፉም። የአይጥ መርዝ በሥጋ ለውሶ ማታ ከአጥሩ ሥር ማስቀመጥ በብዙ ከተማ የተለመደ ነው። መርዙ ግን ጥፋተኛውን አይመርጥም፤ ጠዋት የሚገኘው ሬሳ በጎቹን የሚጠብቀው ውሻ፣ የጎረቤት ዶሮ፣ ወይም የተመረዘች አይጥ የበላችው ውሮ ነው። ከዚያ ወዲያ አይጦቹ ጎታው ላይ ይሰፍራሉ፣ ባዶ የቀረውንም ግቢ ከሩቅ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ውሻ ይይዘዋል።

ይህ ሌላ ፍርሃት ያመጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ሰውን ከሚይዘው የዚህ በሽታ 99 ከመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው የሚቆመው ውሻ በመግደል ሳይሆን ቢያንስ 70 ከመቶ የሚሆኑትን ውሾች በመከተብ ነው፤ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም በውሻ ንክሻ ምክንያት ከዚህ በሽታ የሚመጣውን የሰው ሞት ለማጥፋት የያዙት ቀን፣ እንደ ሰቆጣው ቃል ኪዳን ሁሉ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 2030 ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ሳይውል ሳያድር በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ የሕመሙ ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ብዙ ጊዜ መስከረም 18 ይውላል፤ መስቀሉ ባለፈ ማለዳ፣ አደዩ በየደጁ በፈካበት ሰሞን ነው። በዚያ ሳምንት ውሻዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ካለው የእንስሳት ጤና ኬላ ይሂዱና ክትባት መኖሩን ይጠይቁ። ገመዱን ግን አጠር አድርገው ይያዙ፤ መንገዱ በጎረቤት አበባ ዳር ነው የሚያልፈው።